ሌንሱ ወይስ ውሉ? የግሬግ ቶላንድ የሙያ ጉዞና የ«ሲቲዝን ኬን» ምስል አመጣጥ

ፓትሪክ ኦግል እ.ኤ.አ. በ1972 «ስክሪን» በተባለው የብሪታንያ መጽሔት ያሳተመው ጥናት ስለ ዲፕ ፎከስ የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚመለሱበት ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዲፕ ፎከስ የሚባለው ካሜራው አጠገብ ያለውም፣ ክፍሉ ጥግ የቆመውም በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታይበት የአቀራረጽ ስልት ነው። ኦግል የጠየቀው ይህ ስልት በሆሊውድ በ1940 እና በ1941 ገደማ ለምን እንዲህ ጎልቶ ወጣ የሚል ነበር። የመልሱ ፍሬ ነገር መሣሪያዎቹ በአንድ ወቅት አብረው ደረሱ የሚል ነው፤ ትንሽ ብርሃን የሚበቃው ፈጣን ጥሬ ፊልም፣ ለቀለም ፊልም ተብሎ የተሻሻለው ብርቱ የአርክ መብራት፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ ያለው ሌንስ። በጊዜው የነበረውን ወደ እውነታ የማዘንበል የውበት ስሜትም ያነሳል፤ የክርክሩ ክብደት ያረፈው ግን በመሣሪያዎቹ ላይ ነው።

እኔ የምቃወመው መሣሪያዎቹ አስፈላጊ ነበሩ የሚለውን አይደለም። የምቃወመው ይበቃሉ የሚለውን ነው። በ1940 ሆሊውድ ውስጥ ፈጣን ፊልም መግዛት፣ አርክ መብራት መትከል ያልቻለ ትልቅ ስቱዲዮ አልነበረም። የኦርሰን ዌልስን «ሲቲዝን ኬን» የሚመስል ምስል በተከታታይ ሲያወጣ የነበረው ግን አንድ ሰው ነው፤ ግሬግ ቶላንድ። እሱን ከባልደረቦቹ የለየው በእጁ የነበረው ሌንስ ሳይሆን በኪሱ የነበረው ውል ነው ብዬ አምናለሁ። የአንድ ሲኒማቶግራፈር የሙያ ጉዞ፣ ማለትም በማን ሥር ተማረ፣ ማን ቀጠረው፣ ለስንት ዓመት፣ ከማን ጋር ሠራ የሚለው፣ በምስሉ ላይ የሚያሳድረው ተጽእኖ ከጥሬ ፊልሙ ፍጥነት አያንስም።

ሌሎቹን ጸሐፊዎች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። አንድሬ ባዚን ይህን ስልት ለዳይሬክተሮቹ ለኦርሰን ዌልስና ለዊልያም ዋይለር ሰጥቶ ለተመልካች ነፃነትን የሚመልስ የሥነ ምግባር ምርጫ አደረገው፤ ቶላንድን በስም ያነሳዋል፣ ያከብረዋልም። ዣን ሉዊ ኮሞሊ ነገሩን ወደ ርዕዮተ ዓለም ወሰደው። ሮበርት ካሪንጀር በ1985 ስለ «ሲቲዝን ኬን» አሠራር ባወጣው መጽሐፍ የቶላንድን ድርሻ በሰነድ አሳየ፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ዴቪድ ቦርድዌል በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ትልቅ ሥራ ቶላንድ ከሆሊውድ ልማድ የወጣ ዐመፀኛ እንዳልነበረና ልዩነቱን ግን አጉልቶ ማስተዋወቅ ያውቅበት እንደነበር ጽፏል፤ ልክ ነው። ፖሊን ኬል በ1971 በ«ኒው ዮርከር» ባወጣችው ረጅም ጽሑፍ የ«ኬን»ን መልክ ቶላንድ በከፊል ከቀረጸው «ማድ ላቭ» (1935) ከተባለ አስፈሪ ፊልም ጋር አገናኘችው። ዋና ማስረጃዋ የፒተር ሎሬ መላጣ ራስ ከሸመገለው ኬን ጋር መመሳሰሉ ይመስላል፤ በመላጣ ታሪክ አይጻፍም። ሆኖም ከሁሉም ቀድማ የቶላንድን የቀደሙ ሥራዎች ለማየት መነሳቷ ሊመሰገን ይገባል።

ቶላንድ በ1904 በኢሊኖይ ግዛት ቻርለስተን በተባለች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሲለያዩ ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። በአሥራ አምስት ዓመቱ በፎክስ ስቱዲዮ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ረዳት ካሜራማን ሆነ። በዚያ ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረም። የፊልም ትምህርት ቤት ገብቶ በዲፕሎማ ወደ ስቱዲዮ የሚመጣ የለም፤ ሳጥን ተሸክሞ፣ ፊልም ጭኖ፣ ርቀት ለክቶ፣ ከዚያ ካሜራውን በእጁ ይዞ፣ በመጨረሻ መብራቱን የሚያዝ ዋና ካሜራማን መሆን ነው። መሰላሉን የወጣው በጆርጅ ባርንስ ሥር ነው። ባርንስ በሳሙኤል ጎልድዊን ቤት የተከበረ ካሜራማን ነበር፤ ቶላንድን አስተማረው፣ በኋላም ስሙን ከስሙ ጎን አጻፈለት። ድምፅ ወደ ፊልም ሲገባ የካሜራው ጩኸት ማይክሮፎኑን ያስቸግር ጀመር፤ ቶላንድ ጩኸቱን የሚያፍን መሸፈኛ በመሥራት ስም አገኘ። በ1931 «ፓልሚ ዴይስ» በተባለው የኤዲ ካንተር ሙዚቃዊ ቀልድ ለብቻው ዋና ካሜራማን ሲሆን 27 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ የጎልድዊን ነው።

የክርክሬ መነሻ እዚህ ላይ ነው። ሳሙኤል ጎልድዊን እንደ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ወይም እንደ ዋርነር በየሳምንቱ ፊልም የሚያመርት ፋብሪካ አልነበረውም። ራሱን የቻለ ፕሮዲዩሰር ነበር፤ በዓመት ጥቂት ፊልሞችን ብቻ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ግን ውድና ሥርዓት ያለው እንዲሆን ይፈልጋል። በትልቁ ስቱዲዮ የተቀጠረ ካሜራማን የአንዱን ፊልም የመጨረሻ ቀን ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል፤ ስክሪፕቱን የሚያየው ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ቶላንድ ግን በሁለት የጎልድዊን ፊልሞች መካከል ጊዜ ነበረው። በዚያ ጊዜ ይሞክራል፣ ሌንስ ይፈትሻል፣ ከአናጢና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ይመክራል። ጎልድዊን ድምፅ አልባ የሆነውን የሚቸል ቢ.ኤን.ሲ. ካሜራ ከመጀመሪያዎቹ ምርቶች አንዱን ያገኘው ለቶላንድ ነው፤ ያ ካሜራ ለዓመታት ከእሱ ጋር ቆየ። አብረውት የሚሠሩት ኦፕሬተር፣ ረዳት፣ የመብራት ኃላፊና ግሪፕም የሱ ቡድን ናቸው፤ እሱ ሲከራይ አብረውት ይሄዳሉ።

አዎ፣ ይከራያል። ጎልድዊን ሥራ በሌለበት ወቅት ካሜራማኑን ለሌሎች ስቱዲዮዎች እያከራየ ገንዘብ ያገኝ ነበር። እስኪ ዝርዝሩን እንመልከት፦ «ሌ ሚዜራብል» (1935) ለትዌንቲየዝ ሴንቸሪ፣ «ማድ ላቭ» ለሜትሮ፣ «ኢንተርሜዞ» (1939) ለሴልዝኒክ፣ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» (1940) ለትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ፣ «ዘ ሎንግ ቮዬጅ ሆም» (1940) ለዎልተር ዌንገር፣ «ሲቲዝን ኬን» (1941) ለአር.ኬ.ኦ.፣ «ዘ አውትሎው» ለሃዋርድ ሂዩዝ። ስድስት ወይም ሰባት የተለያዩ ቤቶች፣ የተለያዩ ላቦራቶሪዎች፣ የተለያዩ ዳይሬክተሮች። የትኛውም ቤት ጌታው አይደለም፤ ስለዚህ የትኛውም ቤት የራሱን «የቤት መልክ» ሊጭንበት አይችልም። ከፎክስ የተማረውን ወደ ጎልድዊን፣ ከጎልድዊን የሞከረውን ወደ አር.ኬ.ኦ. ይዞ ይሄዳል። የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዝርዝር እንደ ሥራ ማስረጃ ያነቡታል፤ እኔ የማነበው እንደ ምርምር መርሐ ግብር ነው።

ሌላው ዝርዝር ከዚህ ይበልጣል። ባዚን የዋይለርንና የቶላንድን ጥምረት እንደ ሁለት ጠቢባን መገናኘት ያየዋል። አብረው የሠሯቸው ፊልሞች ግን እነሆ፦ «ዚዝ ስሪ» (1936)፣ ከሌሎች ጋር የተጋሩት «ከም ኤንድ ጌት ኢት» (1936)፣ «ዴድ ኤንድ» (1937)፣ «ዋዘሪንግ ሃይትስ» (1939)፣ «ዘ ዌስተርነር» (1940)፣ «ዘ ሊትል ፎክስስ» (1941)፣ «ዘ ቤስት ይርስ ኦፍ አወር ላይቭስ» (1946)። ፕሮዲዩሰራቸው አንድም ሳይቀር ሳሙኤል ጎልድዊን ነው። ሁለቱን ሰዎች ያገናኘው፣ በጋራ ያቆያቸው፣ ለአሥር ዓመት ያህል አንዱ የሌላውን ዓይን እንዲያውቅ ያደረገው ደመወዝ ከፋያቸው ነው። ባዚን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። አሠሪን ማመስገን ለሃያሲ አይመችም፤ ጎልድዊንም በምላሱ ስህተቶች የሚሳቅበት ሰው ስለነበር ለዚህ ክብር ዕጩ ሆኖ አልታየም።

አሁን ወደ ኦግል መሣሪያዎች እንመለስ፤ አንድ በአንድ።

መጀመሪያ ጥሬ ፊልሙ። ኢስትማን ኮዳክ ሱፐር ድርብ ኤክስ የተባለውን ፈጣን ፊልም በ1938 አወጣ። ፊልሙ ፈጣን ከሆነ ሌንሱን ማጥበብ ይቻላል፤ ሌንሱ ሲጠብ ጥራቱ ወደ ጥልቀት ይሄዳል። አመክንዮው ይህ ነው። ስቱዲዮዎቹ ግን ምን አደረጉ? በዚያው ዓመት የወጣውንና መካከለኛ ፍጥነት ያለውን ፕላስ ኤክስን መረጡ፤ ባገኙት ፍጥነትም ሌንሱን አላጠበቡም፣ መብራቱን ቀነሱ። የኤሌክትሪክ ወጪ ወረደ፣ ተዋንያኑ ከሙቀት ዐረፉ፣ የፊት ምስሎች እንደ ወትሮው ለስልሰው ቀጠሉ። ያው መሣሪያ፣ የተገላቢጦሽ ውጤት። ቶላንድ እንደሚገልጸው የስቱዲዮ ልማድ የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 2.3 እስከ ኤፍ 3.5 ማድረግ ሲሆን፣ እሱ በ«ኬን» ላይ ኤፍ 8 እና ከዚያም የጠበበ ይጠቀም ነበር። ልዩነቱን ፊልሙ አላመጣውም፤ ፊልሙን ለምን እንደሚጠቀምበት የወሰነው ሰው ነው ያመጣው። ምጣድ ስላለ ብቻ እንጀራ አይጋገርም።

ሁለተኛ፣ የጊዜ ቅደም ተከተሉ። «ዴድ ኤንድ» የተሠራው በ1937 ነው፤ ሱፐር ድርብ ኤክስ ገና አልወጣም። ያን ፊልም በጥንቃቄ ላየው፣ የኒው ዮርክ ወንዝ ዳር መንደርን በሚያሳየው ትልቅ የስቱዲዮ ግንባታ ውስጥ ከፊት ያለው ሰውና ከኋላ በደረጃው ላይ ያለው ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ እየተነጋገሩ ነው። ጥራቱ የ«ኬን»ን ያህል አይደለም፤ ፍላጎቱ ግን ያው ነው። ፍላጎቱ ከመሣሪያው ከቀደመ፣ መሣሪያውን መንስኤ ማለት ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ጄምስ ዎንግ ሃው። ይህ ምስክር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሃው በቻይና ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ ከስቱዲዮ ጠራጊነት ተነስቶ ከታላላቆቹ ካሜራማኖች አንዱ የሆነ ሰው ነው። በ1931 ለፎክስ በቀረጸው «ትራንሳትላንቲክ» ውስጥ ሰፊ ሌንስ፣ ጣሪያ ያለው ግንባታና ጥልቅ ሥዕል አለ፤ «ኬን» ከመሠራቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት! ኦግል የሚዘረዝራቸው መሣሪያዎች አልነበሩትም። ታዲያ ለምን ዲፕ ፎከስ በ1931 አልተወለደም? የሃውን የሥራ መንገድ ተከተሉ፤ ከፎክስ ወደ ሜትሮ፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር፣ ከዚያ ተመልሶ በ1938 ወደ ዋርነር። በየቤቱ ሌላ ቡድን፣ ሌላ አለቃ፣ ሌላ ልማድ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ በአሜሪካ የነበረው ሕግ ቻይናውያን ዜግነት እንዳያገኙ እስከ 1943 ይከለክል ነበር፤ ሃው ከደራሲዋ ሳኖራ ባብ ጋር የፈጸመው ጋብቻ እንኳ በካሊፎርኒያ ለዓመታት አልታወቀለትም። ችሎታው ከቶላንድ አላነሰም፤ በኋላ ሁለት ኦስካር አግኝቷል። ያነሰው ሙከራውን ከፊልም ወደ ፊልም ተሸክሞ የሚሄድበት የተረጋጋ ሥፍራ ነው። አንድ ሙከራ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ስልት የሚሆነው ሲደጋገም ነው፤ የሚደጋገመው ደግሞ የሥራ ዋስትና ሲኖር ነው።

አራተኛና ለኦግል የማይመቸው፣ «ሲቲዝን ኬን» ራሱ ነው። የኬን ሚስት ሱዛን ራሷን ለመግደል የሞከረችበትን ሥዕል አስታውሱ፤ ከፊት ትልቅ ብርጭቆ፣ መካከል ላይ በጨለማ የተኛችው ሴት፣ ከኋላ የሚደበደበው በር። ባዚን ስለ ዌልስ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ሥዕል እንደ ዋና ምሳሌ ያነሳዋል። ይህ ሥዕል ግን በአንድ ጊዜ የተቀረጸ አይደለም። ፊተኛው ክፍል በመብራት ተቀርጾ ኋላው ጨለመ፤ ፊልሙ በካሜራው ውስጥ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ ኋላው በርቶ ፊቱ ጨልሞ እንደገና ተቀረጸ። ሌሎች ሥዕሎች ደግሞ በሊንዉድ ደን የኦፕቲካል ማተሚያ ላይ የተጋጠሙ ናቸው። ፈጣኑ ፊልም፣ አርኩና ቅብ ሌንሱ ቢበቁ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ያልበቁበትን ያሟላው በቶላንድና በቡድኑ መካከል የነበረው ያለ ብዙ ንግግር መግባባት ነው። አንድን ፊልም ወደ ኋላ መልሶ በትክክለኛው ምልክት ላይ ማቆም፣ ርቀቱን መለካት፣ መብራቱን በቅጽበት መቀየር ትላንት የተገናኙ ሰዎች የሚያደርጉት ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ የሚጠቀስና ትንሽ የሚነበብ ምንጭ አለ። ቶላንድ በ1941 ስለ ፊልሙ ራሱ ጽፏል፤ በየካቲት ወር በ«አሜሪካን ሲኒማቶግራፈር»፣ በሰኔ በ«ፖፑላር ፎቶግራፊ»። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ጽሑፎች ቁጥር ይለቅማሉ፤ የሌንሱን ስፋት፣ የቀዳዳውን መጠን፣ የፊልሙን ስም። ኦግልም ያደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ቶላንድ በ«ፖፑላር ፎቶግራፊ» ላይ ስለ ሌንስ ከመናገሩ በፊት ስለ ጊዜ ይናገራል። አቀራረጹ ካሜራው ከመሽከርከሩ ከብዙ ጊዜ በፊት መታሰቡን ይገልጻል፤ አብዛኛው የሆሊውድ ካሜራማን ለዝግጅት ጥቂት ቀናት ብቻ እንደሚሰጠውም ያነጻጽራል። ማለትም ሰውየው ራሱ መጀመሪያ ያስቀመጠው መንስኤ የሥራ ሁኔታ ነው፤ ሌንሱ ሁለተኛ ነው የሚመጣው። የጽሑፉን ቅደም ተከተል የገለበጡት አንባቢዎቹ ናቸው። ግብዣውም ከሱ ነበር፤ ዌልስ በኋላ እንደተናገረው ቶላንድ ራሱ መጥቶ ፊልም ሠርቶ ከማያውቅ ሰው ጋር መሥራት እንደሚፈልግ ነገረው። ኑሮው በሚቀጥለው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ካሜራማን የ25 ዓመት ጀማሪን አይመርጥም። የጎልድዊን ውል ያለው ይመርጣል፤ ፊልሙ ቢወድቅ የሚመለስበት ቤት አለውና።

በርግጥ ቶላንድ ራሱን እያስተዋወቀ ነበርና ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ሆኖም ዝናውን ለመገንባት የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የራሱን ብልሃት እንጂ የተሰጠውን ጊዜ ባልሆነ ነበር።

የሚቀርቡብኝ ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው። ስታንሊ ኮርቴዝ ያለ ጎልድዊን ውል «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ»ን (1942) በጥልቅ ሥዕል ቀርጿል ይባላል። ቀርጿል፤ ግን «ኬን» ከወጣ በኋላ፣ ለዚያው ዳይሬክተር፣ በዚያው ስቱዲዮ። ከተከፈተ በር መግባትና በሩን መክፈት ይለያያሉ። ሁለተኛው የዣን ሬኗር «የጨዋታው ደንብ» (1939) ነው። የፈረንሳይ ሲኒማ የስቱዲዮ ውልና የሠራተኛ አደረጃጀት ከሆሊውድ የተለየ ስለሆነ እዚህ የሚመዘን አይደለም። ሦስተኛው የሚከብድ ይመስላል፤ ጆርጅ ባርንስ በዚያው ቤት ሠርቶ ለምን ዲፕ ፎከስን አልፈጠረም? ባርንስ የድምፅ ፊልም ሲጀምር በዚያ ነበር፤ የተረጋጋው ቡድንና ጸጥተኛው ካሜራ ሲመጡ ግን ቦታው የቶላንድ ሆኖ ነበር። ውል ሁሉንም ሰው ቶላንድ ያደርጋል አላልኩም፤ ቶላንድ ያለ ውሉ ቶላንድ አይሆንም ነው ያልኩት።

ከጦርነቱ ወዲህ ስላለው ጊዜ የምለው ጥቂት ነው። ቶላንድ በባሕር ኃይል ውስጥ በጆን ፎርድ የፊልም ክፍል አገለገለ፤ ስለ ፐርል ሃርበር ጥቃት የተሠራውን «ዲሴምበር 7»ን አብሮ ዳይሬክት አደረገ። ረጅሙ ቅጂ ታግዶ አጭሩ ኦስካር አገኘ። ሲመለስ የተመለሰው ወደ ጎልድዊን ነው። በ«ዘ ቤስት ይርስ ኦፍ አወር ላይቭስ» ውስጥ ያለው የመጠጥ ቤት ሥዕል፣ ከፊት ፒያኖ ሲመታ ከኋላ በሩቁ የስልክ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰው ፍቅር የሚቋረጥበት፣ ከ«ኬን» ሥዕሎች ሁሉ የበሰለ ነው፤ ምንም ብልሃት አይታይበትም። ፊልሙ ኦስካሮችን ሲሰበስብ ለቀረጻው ግን ዕጩ እንኳ አልሆነም። ቶላንድ በመስከረም 1948 በልብ ሕመም ሞተ፤ 44 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው ፊልሙ «ኤንቻንትመንት» በዚያው ዓመት ለተመልካች ሲቀርብ የፕሮዲዩሰሩ ስም አሁንም ሳሙኤል ጎልድዊን ነበር።

የጎልድዊን መዛግብት በቤቨርሊ ሂልስ በአካዳሚው የማርጋሬት ሄሪክ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ለኦግል የሚከራከር ካለ ከኮዳክ ማስታወቂያዎች በፊት እነዚያን ይክፈት፤ የቶላንድን የኪራይ ውሎችና የሥራ ቀኖች ከሌንስ ዝርዝሮቹ ጎን ያስቀምጥና መልሱን በጽሑፍ ያውጣ።